አባታችን ሆይ፣ የማያነቡ ሰዎች ጸሎት
ስለ ቀርሜሎሳዊ መንፈሳዊነት ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



ስለ ቀርሜሎሳዊ መንፈሳዊነት ሲወሳ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስበው አንድ ሐውልት ነው። ጣሊያናዊው ቀራፂ ቤርኒኒ ከ1647 እስከ 1652 ባሉት ዓመታት ሮም በሚገኘው የሳንታ ማሪያ ዴላ ቪቶሪያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሠራው የቅድስት ተሬዛ ዘአቪላ ምስል ነው። ቅድስቲቱ ዐይኖቿን ጨፍና፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ በተመስጦ ተውጣ ትታያለች፤ መልአክም ፍላጻ ይዞ ከፊቷ ቆሟል። ሥራው ድንቅ ነው። ሆኖም በተመልካቹ አእምሮ ውስጥ አንድ ጎጂ ሐሳብ ትቶ ያልፋል። ይኸውም ጥልቅ ጸሎት ለጥቂት ምርጦች የሚሰጥ ልዩ ስሜት ነው የሚለው ነው።

ዛሬ የማቀርብላችሁ ሐሳብ ከዚህ የተለየ ነው። የቀርሜሎስን የጸሎት ትምህርት ከመነሻው ስንከታተለው ደጋግመን የምናገኘው ማንም ሰው በቃሉ የሚያውቀውን አጭር ጸሎት፣ አባታችን ሆይን ነው። የዚህን ጸሎት ጉዞ በሦስት ዘመናት ለማሳየት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በቀርሜሎስ ተራራ፣ የኤልያስ ምንጭ በሚባለው ስፍራ አጠገብ፣ ከላቲኑ ዓለም የመጡ ባሕታውያን ይኖሩ ነበር። የኢየሩሳሌም ፓትርያርክ አልቤርቶስ ከ1206 እስከ 1214 ባለው ጊዜ ውስጥ አጭር የሕይወት ሥርዐት ጻፈላቸው። ሥርዐቱ እያንዳንዱ ባሕታዊ በበኣቱ ወይም በአቅራቢያው ሆኖ የእግዚአብሔርን ሕግ ሌት ተቀን እንዲያሰላስል ያዛል። ስለዚህ ትእዛዝ ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ትኩረታችሁን ወደ ሌላ አንቀጽ ልሳበው። ሥርዐቱ ፊደል የሚያውቁት መዝሙረ ዳዊትን እንዲደግሙ ካዘዘ በኋላ የማያውቁትን አይዘነጋም። እነርሱ በሌሊቱ ጸሎት 25 ጊዜ፣ በሠርክ 15 ጊዜ፣ በሌሎቹ ሰዓታት 7 ጊዜ አባታችን ሆይን እንዲጸልዩ ይደነግጋል።

ይህ ድንጋጌ በዘመኑ እንግዳ አልነበረም፤ በሌሎች ገዳማውያን ማኅበራትም ተመሳሳይ ልማድ ነበር። ትርጉሙም ግልጽ ነው። አባታችን ሆይ ምትክ ነበር። የሚያነብ ሰው ሙሉውን ማዕድ ይቀርብለታል፤ የማያነበው ደግሞ እንዳይራብ ይህ ይሰጠዋል። ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ አንዲት የላቲን ቋንቋ ያልተማረች ሴት ይህን ምትክ ወስዳ የጸሎት ሁሉ ትምህርት ቤት አደረገችው።

ተሬዛ በ1515 በስፔን፣ በአቪላ ከተማ ተወለደች። አያቷ ከአይሁድነት ወደ ክርስትና የተመለሰ የቶሌዶ ነጋዴ ሲሆን፣ በ1485 የሃይማኖት መርማሪው ፍርድ ቤት በአደባባይ ንስሓ አስገብቶት ነበር። እርሷ በ1535 በአቪላ ወደሚገኘው የቀርሜሎሳውያት ገዳም ገባች። በማኅሌት የሚነበበው በላቲን ስለነበር፣ የውስጥ ጸሎትን የተማረችው በሀገሯ ቋንቋ፣ በካስቲልያ ከተጻፉ መጻሕፍት ነው። ለዐሥራ ስምንት ዓመታት ያህል መጽሐፍ ሳትይዝ ለመጸለይ እንደማትደፍር፣ አንዳንድ ጊዜም ሰዓቱ አልቆ ደወሉ እስኪደወል እንደምትጓጓ በሕይወት ታሪኳ ውስጥ ራሷ ጽፋለች። በቤርኒኒ እብነ በረድ ላይ የምናያት ሴት ብዙ ዓመታት ያሳለፈችው እንዲህ ባለ ድካም ውስጥ ነው።

በዚያ ዘመን ስፔን ውስጥ የኅሊና ጸሎት፣ ማለትም ሰው ከተጻፈው ቃል ባሻገር በልቡ ከአምላኩ ጋር የሚያደርገው ንግግር፣ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። በ1525 በቶሌዶ የወጣው ዐዋጅ አሉምብራዶስ፣ ማለትም «የበራላቸው»፣ የተባሉትን ወገኖች አወገዘ፤ በውስጥ ብርሃን ስም የቤተ ክርስቲያንን ሥርዐት ይንቃሉ ተብለው ተከስሰው ነበርና። በ1559 ደግሞ ዋናው የሃይማኖት መርማሪ ፈርናንዶ ደ ቫልዴስ የተከለከሉ መጻሕፍትን ዝርዝር አወጣ። በካስቲልያ ቋንቋ የተጻፉ ብዙ የጸሎት መጻሕፍት፣ የታወቀው የዶሚኒካዊው የሉዊስ ደ ግራናዳ መጽሐፍ ሳይቀር፣ ከምእመናን እጅ እንዲወጡ ተደረገ። ላቲን የሚያነቡት ሊቃውንት ከዚህ ብዙም አልተጎዱም። መምህራቸውን ያጡት እንደ ተሬዛ ያሉት ናቸው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1562፣ ተሬዛ በአቪላ የቅዱስ ዮሴፍን ትንሽ ገዳም መሠረተች። በሥርዐቷ ውስጥ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት ለኅሊና ጸሎት ደነገገች። እኅቶቿ ታዲያ ያለ መጽሐፍ ይህን እንዴት እንፈጽመው ብለው ትምህርት ለመኗት። መልሷ «የፍጽምና መንገድ» የተባለው መጽሐፍ ነው።

የዚህን መጽሐፍ ክርክር በጥንቃቄ እንድትከታተሉት እፈልጋለሁ። በጊዜው የሚሰነዘረውን ምክር ተሬዛ አልደበቀችም። ለሴቶች የኅሊና ጸሎት አደገኛ ነው፤ እንዝርታቸውን ቢያሾሩ ይሻላቸዋል፤ አባታችን ሆይና ሰላም ለኪ ይበቋቸዋል ይባል ነበር። ተሬዛ ይህን አልተቃወመችም። በእርግጥ ይበቃል ስትል ተስማማች። ከዚያ ቀጥላ ግን ጠየቀች፦ አባታችን ሆይን የሚጸልይ ሰው ከማን ጋር እንደሚነጋገር፣ የሚናገረው እርሱ ማን እንደሆነ፣ ምን እየለመነ እንደሆነ ማሰብ የለበትምን? ይህን ካላሰበ ከንፈሩ ቢንቀሳቀስም ጸሎት አይባልም። ካሰበ ደግሞ የኅሊና ጸሎት ጀምሯል። ስለዚህ የቃልን ጸሎት ፈቅዶ የኅሊናን ጸሎት መከልከል አይቻልም፤ ሁለቱ በአንድ እስትንፋስ የሚሄዱ ናቸውና። መጻሕፍት ቢወሰዱ እንኳ ይህን ጸሎት ከእጃችሁ የሚነጥቅ የለም ስትል እኅቶቿን ታጽናናለች። ከ27ኛው ምዕራፍ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ ያለው የመጽሐፉ ክፍል የዚሁ ጸሎት ትርጓሜ ነው።

ይህ ጥያቄ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎች አቡነ ዘበሰማያትን በቃላችን ያጠናነው የግእዙን ትርጉም ከማወቃችን በፊት ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው ምላሱ ሲቀድምና ልቡ ሲዘገይ ያውቀዋል። ተሬዛ መደጋገሙን አታጣጥልም፤ በተደጋገመው ቃል ውስጥ ልብ ቀስ ብሎ እንዲገባ ትጋብዛለች እንጂ።

በ30ኛው ምዕራፍ የምትተርከው ነገር ክርክሩን ሕይወት ይሰጠዋል። ከቃል ጸሎት በቀር ሌላ የማትችል አንዲት መነኩሲት ነበረች። ሌሎቹ በኅሊና ጸሎት ሲራመዱ እርሷ አባታችን ሆይን ካልደገመች አሳቧ ይበተን ነበርና እጅግ አዝና ወደ ተሬዛ መጣች። ተሬዛ እንዴት እንደምትጸልይ ስትጠይቃት፣ ያቺ ሴት ያንኑ ጸሎት በዝግታ እየደገመች ሳለች ወደ ከፍተኛው አስተንትኖ እንደምትደርስ ተረዳች። ሴትየዋ ያላት ሀብት በእጇ እንዳለ አላወቀችም። ተሬዛም በዚህች መነኩሲት የቃል ጸሎት እንደቀናች ትናገራለች።

እዚህ ላይ ተገቢ የሆነ ጥርጣሬ ሊነሣ ይችላል። ተሬዛ ይህን ሁሉ የጻፈችው ከመርማሪዎች ለማምለጥ ይሆን? አሊሰን ዌበር በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሬዛ ራሷን ዝቅ እያደረገች፣ አላዋቂ ሴት ነኝ እያለች የምትጽፍበት መንገድ የታሰበበት የንግግር ጥበብ መሆኑን በብርቱ አሳይተዋል። ማስረጃውም በመጽሐፉ በራሱ ታሪክ ውስጥ አለ። የ«ፍጽምና መንገድ» ሁለት የእጅ ጽሑፎች ዛሬም ይገኛሉ፤ አንዱ በኤስኮሪያል፣ ሁለተኛው በቫያዶሊድ። በመጀመሪያው ላይ ክርስቶስ ሴቶችን እንዳልናቀ፣ የዓለም ዳኞች ግን የሴቶችን መልካም ሥራ ሁሉ እንደሚጠራጠሩ የሚናገር ጠንካራ ክፍል ነበር። እርሱም ተሰርዟል፤ በሁለተኛው ውስጥም የለም። ስለዚህ ጥንቃቄ እንደነበረባት አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ምዕራፍ ባልፈጀች። በራሷ የዐሥራ ስምንት ዓመት ድርቀት የተማረችውን ነው ለእኅቶቿ የምታስተላልፈው፤ ጥበቡ ይህን እውነት ከአሳዳጆች የሚያሻግር ጀልባ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ድርቀት የሚለውን ቃል ካነሣሁ አይቀር የሥራ አጋሯን ዮሐንስ ዘመስቀልን ላስታውስ። ተሐድሶውን የተቃወሙ የገዛ ማኅበሩ ወንድሞች ከታኅሣሥ 1577 እስከ ነሐሴ 1578 ቶሌዶ ውስጥ በጠባብ ክፍል አስረውት ነበር፤ ከታላላቅ ግጥሞቹ ከፊሎቹን የደረሰው በዚያ ነው። «ጨለማ ሌሊት» በተባለው ሥራው፣ በጸሎት ጣዕም ያጣ ሰው ቸልተኛ ሆኖ ነው ወይስ እግዚአብሔር ወደ ጥልቁ እየሳበው ነው የሚለውን ለመለየት ሦስት ምልክቶች ያቀርባል። አንደኛ፣ ሰውየው በመንፈሳዊ ነገር ደስታ ሲያጣ በዓለማዊውም ደስታ አያገኝም። ሁለተኛ፣ እግዚአብሔርን አላገለገልሁም እያለ ይጨነቃል፤ ቸልተኛ ሰው ይህ ጭንቀት የለበትም። ሦስተኛ፣ ቢጥርም እንደቀድሞው በምናብ ማሰላሰል አይችልም። ሦስቱም በአንድነት ሲገኙ ድርቀቱ የውድቀት ምልክት አይደለም ይላል። የጸሎት መለኪያ ከስሜት ሙሉ በሙሉ የሚላቀቀው በዚህ ትምህርት ነው።

ይህ ትምህርት በሦስተኛው ዘመን ምን ፍሬ እንዳፈራ ለማየት ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ሊዝዬ ከተማ እንሻገር። ቅድስት ተሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስ በዚያ በሚገኘው የቀርሜሎስ ገዳም ኖራ በ1897፣ በ24 ዓመቷ፣ በሳንባ ነቀርሳ ዐረፈች። ከ1896 ፋሲካ ጀምሮ መንግሥተ ሰማያት አለ የሚለው እምነቷ ራሱ በጨለማ ተሸፍኖባት ነበር። በመጨረሻ ወራቷ በጻፈችው ማስታወሻ ውስጥ፣ አእምሮዋ እጅግ ደርቆ አንዲት አሳብ እንኳ ማፍለቅ ሲያቅታት ምን እንደምታደርግ ትነግረናለች። አባታችን ሆይን፣ ከዚያም የመልአኩን ሰላምታ፣ በጣም በዝግታ ትደግማለች፤ ነፍሷም በዚህ ትመገባለች። በ1997 የቤተ ክርስቲያን መምህርት ተብላ የተሰየመችው ይህች ወጣት፣ በጭንቅ ሰዓቷ የተጠጋችው አልቤርቶስ ፊደል ለማያውቁት ወንድሞች ወደ ሰጠው ጸሎት ነበር።

ከዚህ ጉዞ ለእኛ፣ ማንበብና መጻፍ ሥራችን ለሆነ ሰዎች፣ ሁለት ነገር ይቀርልናል። የመጀመሪያው የጥናት ጉዳይ ነው። ስለ ጸሎት ታሪክ ስንጽፍ የጽሑፍ ምስክርነት የተዉትን ብቻ እናያለን፤ ያቺ አዛኝ መነኩሲት ግን ስሟን እንኳ አናውቅም። ተሬዛ በአንድ አንቀጽ ባታነሣት ኖሮ ከነጭራሹ በጠፋች ነበር። እንዲህ ያሉ ምን ያህል ሰዎች በእኛ መዛግብት ውስጥ እንደሌሉ ማሰብ ከተመራማሪ የሚጠበቅ ትሕትና ነው።

ሁለተኛው ከጥናት ይሻገራል። መጻሕፍት ሊታገዱ ይችላሉ፤ ስሜት ሊነጥፍ፣ አእምሮም በሕመምና በድካም ሊደክም ይችላል። የቀርሜሎስ መምህራን እነዚህ ሁሉ ደርሰውባቸዋል። ጸሎት ዕውቀትን ወይም ጣዕምን የሚጠይቅ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በየተራቸው ከደጅ በቀሩ ነበር። እነርሱ ያስተማሩት ግን፣ አንድን የታወቀ ቃል ለማን እንደሚናገረው እያሰበ በዝግታ የሚናገር ሰው፣ ምንም ባይሰማውም፣ በውስጥ እንዳለ ነው።