ጂንጃ፤ የነጭ ዓባይ በር



የዛሬው ንግግራችን በኡጋንዳ አገር፥ በቪክቶሪያ ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ስለምትገኘው ስለ ጂንጃ ከተማ ነው። ዘመኑን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

እኛ ኢትዮጵያውያን ዓባይን የምናውቀው ከጣና ወጥቶ በገደል መካከል ሲያገሣ ነው። ዳሩ ግን ወንዙ ሌላ ክንድ አለው፤ ይኸውም ነጭ ዓባይ የተባለው ነው። እርሱም ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣው በጂንጃ በኩል ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1134 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ ሲሆን፥ ስፋቱ ከ68000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የጣናን ሃያ እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ይህን ለሚያህል ውሃ መውጫው አንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ ወንዙ ክረምት ከበጋ እምብዛም ሳይለዋወጥ ይፈሳል። የእኛው ዓባይ ግን በክረምት ሞልቶ፥ በበጋ ይጐድላል። ሁለቱም ካርቱም ላይ ይገናኛሉ።

ጂንጃ ማለት በአገሩ ቋንቋ ድንጋይ ማለት ነው፤ ወንዙ ከሐይቁ ሲወጣ በዓለት ላይ ይወርድ ነበርና። እንግሊዛዊው መንገደኛ ጆን ስፒክ በ1862 ከዚያ ደርሶ ፏፏቴውን ሪፖን ብሎ ሰየመው። የባሶጋ ሕዝብ ግን ከእርሱ አስቀድሞ በዚያው ዓሣ እያጠመደ የኖረ ስለ ሆነ፥ «አገኘው» መባሉ ለአውሮፓውያን እንጂ ለአገሬው አይደለም።

በ1907 ቦታውን የጐበኘው ዊንስተን ቸርችል፥ ያ ሁሉ የውሃ ኃይል ለሥራ ቢውል ምን ያህል ሊጠቅም እንደሚችል ጽፎ ነበር። በ1912 ከጂንጃ እስከ ናማሳጋሊ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ የጥጥ ንግድ ደራ። በ1931 በወንዙ ላይ ድልድይ ተሠርቶ፥ ከሞምባሳ ወደብ የሚነሣው ባቡር ካምፓላ ገባ። በ1954 የኦወን ፏፏቴ ግድብ ተመረቀ፤ የሪፖን ፏፏቴም ከውሃ በታች ሰጥሞ ቀረ። አሥሩ ተርባይኖች በኋላ ሲሟሉ የግድቡ ኃይል 150000 ኪሎ ዋት ሆነ። ኃይሉም ፋብሪካን ጠራ፤ የጨርቃ ጨርቅ፥ የመዳብ ማቅለጫ፥ የብረትና የቢራ ፋብሪካዎች ተቋቋሙ። በአቅራቢያዋም በካኪራ ቀደም ብሎ የስኳር ፋብሪካ ነበረ።

እንግዲህ አድማጮቻችን ልብ እንዲሉት የምንሻው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። በ1972 ኢዲ አሚን የእስያ ተወላጆች በ90 ቀን ውስጥ አገሩን ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። ከፋብሪካዎቹ ባለቤቶች፥ ከመሐንዲሶቹና ከሒሳብ ዐዋቂዎቹ ብዙዎቹ እነርሱ ነበሩ። ግድቡ እንዳለ ነው፤ ሐይቁም አልደረቀም፤ መኪናዎቹም በየቦታቸው ቆመዋል። ነገር ግን የሚያውቃቸው እጅ ስለ ጠፋ፥ መለዋወጫም ስለ ታጣ፥ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ተዳከሙ፤ አንዳንዶቹም ጨርሰው ተዘጉ። ከተማዋ ቀስ በቀስ ማገገም የጀመረችው የተወረሰው ንብረት ለባለቤቶቹ ሲመለስ ነው። በ2020 የከተማነት ማዕርግ አገኘች።

ሁለተኛውን ትምህርት የሰጠው ሐይቁ ራሱ ነው። ከ2004 እስከ 2006 ዝናም ባነሰበት ጊዜ ለኤሌክትሪክ ተብሎ ከተወሰነው መጠን በላይ ውሃ ስለ ተለቀቀ፥ ሐይቁ እጅግ ጐደለ፤ መብራትም በፈረቃ ሆነ። በ2020 ደግሞ ሐይቁ ከ1964ቱ ከፍታ አልፎ ሞላና የዳርቻውን ነዋሪዎች ቤት አጥለቀለቀ።

ከዚህም የምንረዳው፥ ውሃ ኃይልን፥ ኃይልም ፋብሪካን ሊያስገኝ እንደሚችል ነው። ፋብሪካን የሚያኖረው ግን ዕውቀት ያለው ሠራተኛና ልክን የሚያውቅ አስተዳደር ነው። በጣና ዳር ከተማ ለምንሠራ፥ የዚያኑ ወንዝ ሌላ ክንድ ለያዝን ለእኛ፥ የጂንጃ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።