ዘግይቶ የተከፈተ በር
(በተማሪዎች ማኅበር የዓርብ ምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሳምንት በለንደን የተቀረጸ አንድ አዲስ ሙዚቃ ለአንድ ጓደኛዬ ባሰማው፣ የተጫዋቾቹን ፎቶግራፍ አይቶ ሳቀና «እነዚህ ሽማግሌዎች ጡረታቸውን አርፈው አይበሉም?» አለኝ። ያን ጊዜ አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ለእሱም፣ ለራሴም መልስ ለመፈለግ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ጓደኛዬ «ሽማግሌዎች» ያላቸው ሲማንዴ የተባለው ባንድ ሰዎች ናቸው። ባንዱን በ1971 በለንደን የመሠረቱት ጊታር ተጫዋቹ ፓትሪክ ፓተርሰንና ባስ ጊታር ተጫዋቹ ስቲቭ ሲፒዮ ሲሆኑ፣ ሁለቱም የጉያና ተወላጆች ናቸው። ሌሎቹም ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ነበሩ። ጃዙን፣ ፈንኩን፣ ሶሉንና ካሊፕሶውን አንድ ላይ አዋሕደው፣ ለዚህ ቅይጥ «ናያ ሮክ» የሚል ስም አወጡለት። ከበሮው የጃማይካ ራስተፈሪያን ከበሮ ነው፤ በመጀመሪያው አልበማቸውም በራስተፈሪያን ስም የተሰየመ ዘፈን ይገኛል። «ራስ ተፈሪ» የሚለው ስም ከየት አገር ተነሥቶ እዚያ እንደ ደረሰ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት የሚያሻኝ አይመስለኝም።

ከ1972 እስከ 1974 ባለው ጊዜ ሦስት አልበሞች አወጡ። ወደ አሜሪካ ተሻግረው ከአል ግሪን ጋር ተዘዋወሩ፤ በሃርለም በሚገኘው በታላቁ የአፖሎ ቲያትር ቤትም ተጫወቱ። ዳሩ ግን ወደሚኖሩበት አገር ወደ እንግሊዝ ሲመለሱ የተቀበላቸው ዝምታ ነበር። ጥቁር ሙዚቀኞች በራሳቸው ዜማ ራሳቸውን ችለው እንዲቆሙ በሩን የሚከፍትላቸው አልተገኘም። ስለዚህ በ1970ዎቹ አጋማሽ ተበተኑ። ፓተርሰንና ሲፒዮ ሕግ ተምረው ጠበቆች ሆኑ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሙዚቃውን የተዉት ችሎታ አንሷቸው ወይም ሰነፍ ሆነው አይደለም።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። እነሱ የሕግ መጻሕፍት ሲያገላብጡ፣ በኒው ዮርክ የብሮንክስ ሰፈር ወጣቶች «ብራ» የተባለውን ዘፈናቸውን በሁለት ሸክላ ማጫወቻ እያፈራረቁ፣ ከበሮውና ባሱ ብቻ የሚሰሙበትን ክፍል እያስረዘሙ ይጨፍሩበት ነበር። የሂፕ ሆፕ ሙዚቃ ያደገው በእንደዚህ ያሉ ሸክላዎች ላይ ነው። በ1989 ደ ላ ሶል፣ በ1996 ደግሞ ፉጂስ ከሲማንዴ ሥራ ቆርጠው በራሳቸው ዘፈን ውስጥ አስገቡ። የፉጂስን አልበም በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ገዛው፤ ከገዢው መካከል የሲማንዴን ስም የሚያውቅ ግን ስንት ነበር? ዘሪው ሌላ፣ አጫጁ ሌላ ማለት ይህ ነው።

በመጨረሻ ባለቤቶቹ ተመለሱ። በ2015 አዲስ አልበም አወጡ፤ በ2022 ታሪካቸውን የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም ታየ፤ በ2025 መጀመሪያም «ሬናሰንስ»፣ ማለትም «ዳግም ልደት» የተባለውን አልበም አሳተሙ። እውነቱን ለመናገር፣ የቀድሞዎቹ አባሎች ሁሉ አልተመለሱም፤ ሰባ ዓመት የደረሰ ጣትም የሃያ ዓመት ጣት አይሆንም። ቢሆንም እኔ ስሰማው ያገኘሁት ትዝታን ብቻ አይደለም፤ በመካከሉ ተቋርጦ የቆየ ንግግር ሲቀጥል ነው። ለጓደኛዬ የምሰጠውም መልስ ይኸው ነው፦ የተመለሱት ወጣትነታቸውን ፍለጋ ሳይሆን፣ ያልጨረሱትን ሥራ ለመጨረስ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ በዋሽንግተንም ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። በ1985 የሠራው ካሴት በ2013 እንደ ገና ሲታተም ዓለም «አዲስ ነገር አገኘሁ» አለ፤ እሱም እንደ ገና መድረክ ላይ ወጣ። ካሴቱን አንሥቶ ያሳተመው ግን የውጭ አገር ሰው ነው። እኛስ የት ነበርን?

በዚህ ጥያቄ የምወቅሰው በመጀመሪያ ራሴን ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም በወጣትነቱ ሳክስፎን ይጫወት ነበር። ሣጥኑ እስከ ዛሬ ከቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ እኔም ልጅ ሳለሁ መቀመጫ አደርገው ነበር። ዘንድሮ ስለ ሲማንዴ ካነበብሁ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ለምን ተዉት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሰዓት እላፊው መጣ፤ ልጆችም ተወለዱ» አሉኝ። «ከዚያ ወዲህስ ለምን አልተጫወቱም?» ብላቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ «ማን ጠይቆኝ?» አሉ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አብሬያቸው በልቼ ጠጥቼ፣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ለማኅበራችን አቀርባለሁ። እያንዳንዳችን በቤታችንም ሆነ በሰፈራችን ያሉትን የቀድሞ ሙዚቀኞች እንጠይቅ፤ ከዘፋኙ ስም ጋር የባሱን፣ የከበሮውንና የትራምፔቱን ተጫዋች ስም ጭምር እንመዝግብ። በዓመቱ መጨረሻም ወደዚህ አዳራሽ ጠርተን እናስጫውታቸው፤ በነፃ ሳይሆን የድካማቸውን ዋጋ ከፍለን። ጊዜው አልፎባቸዋል የሚል ካለ፣ መጀመሪያ መጥቶ ይስማ፤ ከዚያ ይፍረድ።

አጎቴ ባለፈው እሑድ ሣጥኑን አወረዱት። አንዱ ቁልፍ ይዟል፤ ቆዳውም ደርቋል። የሚጠግን ሰው እየፈለግን ነው፤ የምታውቁ ካላችሁ ከስብሰባው በኋላ ንገሩኝ።