ጓሽ ሲደርቅ ይለወጣል
አዲስ አበባ ውስጥ ከመገናኛ ወደ ሰሜን ቀና ብትሉ የየካ ተራራ ይታያችኋል። ጓሽ በተባለው ቀለም ልትስሉት ካሰባችሁ የቀለሙን ጠባይ እወቁ።

ጓሽ እንደ ውኃ ቀለም በግራር ሙጫ የሚያያዝ ነው፤ ግን ከሥሩ ያለውን ይሸፍናል። ስለዚህ ሰማዩን ቀድሞ ቀብቶ የተራራውን ባሕር ዛፍ ከላዩ ማስከተል ይቻላል። ጣጣው ሲደርቅ ነው፤ ፈካ ያለው ጠቆር፣ ጠቆር ያለው ፈካ ይላል። መጀመሪያ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሞክሩት።

በበጋ ፀሐይ ቀለሙ መቀላቀያ ሳህኑ ላይ እንዳለ ይደርቅባችኋል፤ ውኃ ጠብ ሲደረግበት ይመለሳል። ይኸው ባሕርይ ሥዕሉ ላይ ግን ጠላት ነው፦ በእርጥብ ብሩሽ ደጋግማችሁ ካሻችሁት የታችኛው ቀለም ተነሥቶ ሰማዩ ይጨቀያል። አንዴ አሳርፉና እጃችሁን አንሡ።

አረንጓዴውን ደግሞ ከቱቦው እንደወጣ አትቀቡት፤ በእኔ ዓይን የባሕር ዛፍ ቅጠል ወደ ግራጫ ያደላል። ነጭና ጥቂት ሰማያዊ ጨምሩበት፣ ተራራውም ርቆ ይታያል።