ልጃችን ሲንተባተብ ምን እንለዋለን?

(በሬድዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይሁን። ውድ አድማጮቻችን፣ ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን በተላኩ ጊዜ ጌታቸውን ከለመኑት ነገር አንዱ የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታላቸው ነበር። ወንድማቸው ሃሩንም (ዐ.ሰ) አጋዥ እንዲሆኗቸው ጠየቁ። ይህን በሱረቱ ጣሃ እናገኘዋለን። አንደበት የከበደው ሰው በአላህ ዘንድ ዝቅ ያለ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያሻል?

እኛ ግን በቁርኣን ቤታችን የሚንተባተብ ልጅ ሲገጥመን ምን እናደርጋለን? ጓደኞቹ ይስቁበታል። ኡስታዙ «ቶሎ በል እንጂ!» ይለዋል። እቤቱ ሲመለስ ደግሞ ቃሉን ከአፉ ነጥቀን እንጨርስለታለን። ይህን የምናደርገው በክፋት አይደለም። ሆኖም ቃላችን በልጅ ልብ ላይ ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ዛሬ ልናካፍላችሁ ወደናል።

ዌንደል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1906 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ተወለደ። ከልጅነቱ ይንተባተብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ወደ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሄደውም ለችግሩ መላ ፍለጋ ነው። በዚያ የነበሩ ተመራማሪዎች መንተባተብ የሚመጣው የአንጎል ግራና ቀኝ ክፍሎች ሚዛን ሲዛባ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ቀኝ እጅን በጀሶ አስሮ በግራ እጅ መጠቀምን እስከ መሞከር ደርሰዋል። ይህ መፍትሔ አልሆነም። ጆንሰን ግን ተስፋ ሳይቆርጥ እ.ኤ.አ. በ1930 የራሱን መንተባተብ የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ፤ በኋላም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ።

የደረሰበት ሐሳብ እንዲህ የሚል ነበር፦ ትንሽ ልጅ ሁሉ አፉን ሲፈታ ቃል ይደጋግማል፤ ወላጅ «ልጄ ተብታባ ሆነ» ብሎ ሲጨነቅና ሲያርመው ግን ልጁ መናገርን ይፈራል፤ መንተባተብም ከዚህ ፍርሃት ይወለዳል።

ይህን ለመፈተን እ.ኤ.አ. በ1939 ሜሪ ቱዶር የተባለች ተማሪው በእርሱ መሪነት በዳቨንፖርት ከተማ ወደነበረ የወላጅ አልባ ሕጻናት ማሳደጊያ ሄደች። ጥናቱ 22 ሕጻናትን ያካተተ ነበር። ከእነርሱ ስድስቱ ንግግራቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ መንተባተብ እንደጀመሩ ተነገራቸው፤ አስተካክለው መናገር ካልቻሉ ዝም እንዲሉም ተመከሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሕጻናቱ ዝምተኞችና ዓይን አፋሮች ሆኑ። ቱዶር ከጥናቱ በኋላ እየተመለሰች ልትጠግናቸው ሞከረች። ጆንሰንም ውጤቱን በየትኛውም መጽሔት ሳያወጣ እ.ኤ.አ. በ1965 ሞተ።

እነዚያ የቲሞች ምን እንደተደረገባቸው ሳያውቁ አረጁ። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ ጋዜጣ ነገሩን ይፋ ሲያወጣ ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2007 የአዮዋ ግዛት 925,000 ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማማ። ወንድሞችና እህቶች፣ ጆንሰን የመንተባተብን ሕመም በራሱ ምላስ የቀመሰ ሰው ነበር። ለብዙ ተንተባታቢዎችም ጠቅሟል። ነገር ግን «ለምን?» ብሎ የሚሟገትላቸው አባት በሌላቸው ልጆች ላይ ሞከረ። እውቀት አደራን ካላከበረ እንዲህ ያደርጋል። የቲምን አለማመናጨቅ ለምን እንደታዘዝን እዚህ ላይ እናስተውል።

ሐሳቡስ ትክክል ነበር? እ.ኤ.አ. በ2002 መረጃውን እንደገና የመረመሩ ምሁራን ሕጻናቱ ተንተባታቢ ለመሆናቸው ማስረጃ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ተመራማሪዎች መንተባተብ ከሚበዛባቸው የፓኪስታን ቤተሰቦች ተነስተው ከችግሩ ጋር የተያያዙ ሦስት ጂኖችን ለዩ። ስለዚህ የመንተባተብ መነሻ የእናት ቁጣ ወይም የአባት ጭንቀት አይደለም። በልጃቸው የተነሳ ራሳቸውን ሲወቅሱ የኖሩ ወላጆች ይህን ይስሙ። ይሁን እንጂ የዳቨንፖርት ሕጻናት አንድ ነገር አስተምረውናል፤ ክፉ ቃል ተንተባታቢ ባያደርግም ጤነኛውን አንደበት እንኳ ዝም ያሰኛል።

ታዲያ ምን እናድርግ? በሁለትና በአምስት ዓመት መካከል መንተባተብ ከሚጀምሩ ልጆች አብዛኞቹ ይተዉታል። ልጁ ሲናገር ዓይኑን እያየን እስኪጨርስ እንጠብቀው። እኛው ረጋ ብለን እናውራ። «ቀስ በል፣ ተንፍስ» እያልን አናስጨንቀው። ችግሩ ለወራት ከዘለቀ ወይም ልጁ መናገርን ከፈራ ወደ ንግግር ሕክምና ባለሙያ፣ እርሱ ከሌለ ወደ ሐኪም እንውሰደው። ማሾፍንና በመጥፎ ስም መጠራራትን ደግሞ ሱረቱል ሑጁራት ከልክሎናል፤ «ተብታባው» የሚለው ቅጽል ከቤታችንም ከመድረሳችንም ይውጣ።

በመጨረሻም ኡስታዞቻችንን አንድ ነገር እናስታውሳቸው። ቁርኣንን እየተደነቃቀፈና እየከበደው የሚያነብ ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። አላህ ሁለት ምንዳ በሚጽፍለት ልጅ ላይ እኛ እንዴት እንስቃለን?

አላህ የልጆቻችንን ምላስ ይፍታልን፤ የእኛንም ምላስ ከክፉ ይጠብቅልን። አሚን።