የኩላሊት ሕመም ያለበትን ልጅ ለክረምት ካምፕ ማዘጋጀት

(በየጁቤ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

 

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። ልጆቹን ለአንድ ሳምንት ሰብስበን መዝሙርና የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት የምንሰጥበት፣ ኳስም የምናጫውትበት የክረምት ካምፕ ቀርቧል። በየአጥቢያው የስም ዝርዝር ሲዘጋጅ፣ «እርሱ በሽተኛ ነው፣ ለዘንድሮ ይቅር» የሚባል አንድ ልጅ አይጠፋም። የዘንድሮው ለከርሞም ይተርፋል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚያ ልጅ ነው፤ በተለይም ኩላሊቱን ስለሚያመው።

በቅዱሳት መጻሕፍት ኩላሊት ከልብ ጋር ተጣምሮ ሲጠራ ታገኛላችሁ፤ የሰውን የውስጥ ሐሳብ ለማመልከት ነው። እኛ ግን የምንናገረው ከወገብ በላይ በጀርባ በኩል ስላሉት፣ ደምን ስለሚያጣሩት ኩላሊቶች ነው። በልጆች ላይ ከሚታዩት የኩላሊት ሕመሞች አንዱ ሐኪሞች ኔፍሮቲክ ሲንድሮም የሚሉት ነው። ማጣሪያው ያፈስሳል፤ በደም ውስጥ ሊቀር የሚገባው ፕሮቲን በሽንት ይወጣል፤ ውሃውም በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ልጁ ጠዋት ሲነሣ ዓይኑ ዙሪያ አብጦ ይታያል፤ ቀጥሎም እግሩና ሆዱ ያብጣሉ። ሽንቱ አረፋ ይበዛዋል። ጎረቤት ግን «ወፈረ» ይላል፤ ወይም «ምች መታው» ይላል።

ደግሞ ጉሮሮ ታምሞ ወይም ቆዳ ቆስሎ ከሳምንታት በኋላ የሚመጣ የኩላሊት ብግነት አለ። ሽንቱ የኮካ ኮላ መልክ ይይዛል። አብዛኞቹ ልጆች ከዚህኛው ይድናሉ። ከእርሱ የምንማረው፣ እከክና ቁስል ያለባቸው ልጆች ሁሉ ካምፕ ሳይገቡ መታከም እንዳለባቸው ነው፤ አንድ ብርድ ልብስ ለሦስት የሚለብሱ ልጆች እከኩን ይጋራሉና።

ለኔፍሮቲክ ሲንድሮም የሚሰጠው ዋናው መድኃኒት ፕረድኒሶሎን ይባላል። አብዛኞቹ ልጆች በሳምንታት ውስጥ እብጠታቸው ይጎድልላቸዋል። አደጋውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፊቱ ሲጎድል ቤተ ሰብ «ዳነ» ብሎ መድኃኒቱን ያቆማል። ፕረድኒሶሎንን ለብዙ ሳምንት የወሰደ ሰውነት፣ ራሱ ይሠራው የነበረውን ተመሳሳይ ንጥረ ነገር መሥራት ያቆማል። በድንገት ከተቋረጠ ልጁ ይዝላል፣ ያስመልሰዋል፣ ለሕይወቱም ያሰጋል። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰው እንጂ ወላጅም የካምፕ መሪም አያቁመው። ክኒኑን ቢያስመልሰውና ሊይዝለት ካልቻለ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይወሰድ።

አንድ የ9 ዓመት ልጅ የምታሳድግ አያት ዘንድ ሄደን ስለ ካምፑ ስንነግራት፣ «እናንተ ልጆች፣ ዓመት ሙሉ ጠብቄ ያቆየሁትን በአንድ ሳምንት ልታጠፉብኝ ነው?» አለችን። «እማማ፣ እርስዎ እንዴት እንደሚጠብቁት ያስተምሩን ብለን ነው የመጣነው» አልናት። ያን ጊዜ ቁጭ ብላ ነገረችን። ክኒኑን ጠዋት ቁርስ ሳይበላ አትሰጠውም። ሌሊት ሁለት ጊዜ ለሽንት ይነሣል። መድኃኒቱ ስለሚያስርበው ከምሳ በኋላ የሚቀምሰው ነገር ትደብቅለታለች። ያለ ምክንያት ሲቆጣም መድኃኒቱ መሆኑን ታውቃለች። ከዚህ የሚበልጥ መመሪያ በቢሯችን አልነበረም። ሠራተኞች ሆይ፣ ቅጽ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ወንበር ስባችሁ አድምጡ።

ስለ ጨውም ያስተማረችን እርስዋ ነች። ልጁ ባበጠ ጊዜ ጨው ውሃውን በሰውነቱ ያስቀረዋልና ሐኪሙ ይከለክለዋል። ወጥ ቤታችን «ለእርሱ ጨው አንጨምርም» ቢል አይበቃም፤ ሽሮውም በርበሬውም ብዙ ጊዜ ገና ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታልና። ስለዚህ ጨው ሳይነካው የተፈጨ ሽሮና በርበሬ ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ድንችና እንቁላል ያለ ጨው ይቀቀልለታል። ነገር ግን ለብቻው ጥግ ላይ አይቀመጥ፤ ሰሐኑ ልዩ ይሁን እንጂ ገበታው አንድ ይሁን። ኩላሊታቸው እየደከመ ለሄደ ልጆች ግን ድንቹም ሊከለከል ይችላል፤ ሐኪሙ ያልጻፈውን ወጥ ቤቱ አይወስን።

ካምፑ በነሐሴ መጀመሪያ ከሆነ ፍልሰታ አለ። ከኦርቶዶክስ ቤት የሚመጡ ልጆች አሉን፤ በፍልሰታ ደግሞ በአካባቢያችን ትንንሾቹም ሳይቀሩ ይጾማሉ። ክኒን በባዶ ሆድ የሚወስድ ልጅ ጨጓራውን ያመዋል። በዚህ ነገር ልጁን ከቤቱ ጋር ማጣላት የእኛ ሥራ አይደለም። ወላጆቹ አስቀድመው ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፤ ለታመመ ልጅ መፍትሔ ይሰጡታል። ስለ ጠበልም እንዲሁ ነው። በአክብሮት የምንለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ክኒኑ እንዳይቋረጥ፣ ባበጠ ጊዜም ብዙ ውሃ እንዳይጠጣ። ለኩላሊት እየተባለ ለሚቀመም ሥራሥር ግን እንዲህ አንለዝብም፤ የታመመውን ኩላሊት ጨርሶ ሊጎዳው ይችላልና።

ከመሄዱ 2 ሳምንት በፊት ልጁ በሐኪሙ ይታይ። ሽንቱ ይመርመር፣ ይመዘን፣ የደም ግፊቱም ይለካ። ሐኪሙ የክኒኑን መጠን፣ የተከለከለውን ምግብና ማን ዘንድ መደወል እንደሚገባ በአማርኛ ይጻፍልን። ፕረድኒሶሎን ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከለውን ኃይል ያደክማል፤ ስለዚህ ኩፍኝ ወይም የውሃ ፈንጣጣ በካምፑ ከታየ፣ ትኩሳት ወይም ጠንካራ የሆድ ሕመም ከያዘው፣ እስከ ነገ አይባልም። ለራስ ምታት ብለን ኢቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ አንሰጠውም፤ ኩላሊትን ይጎዳሉ። በየጠዋቱ ይመዘን፤ ዓይኑም ይታይ። በሽንት መመርመሪያ ወረቀት ፕሮቲኑ 3 ቀን በተከታታይ በብዛት ከታየ ሕመሙ ተመልሷል ማለት ነው።

መንገዱንም አስቡ። ከየጁቤ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ከሞጣ የሚመጣው ልጅ ግን ከሐኪሙ ይርቃል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን መንገድ በድንገት የተዘጋባቸውን ቀናት ሁላችሁም አይታችኋል። ለ7 ቀን ካምፕ የ3 ሳምንት ክኒን ይያዝ፤ ግማሹ በነርሷ እጅ፣ ግማሹ በሌላ ሠራተኛ ቦርሳ።

የማንወስደው ልጅም አለ። ፊቱ አሁን ያበጠ፣ ትኩሳት ያለበት፣ ዲያሊሲስ የሚያስፈልገው። ተዋናዩ ፖል ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ በኮኔቲከት ለጽኑ ሕሙማን ልጆች ካምፕ ከፍቷል፤ በዚያ አገር ለዲያሊሲስ ልጆች የሚያዘጋጁ ካምፖችም አሉ። በእኛም አገር በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደርጓል። በዚያው ዓመት መጋቢት 1 ቀን የዋለው የዓለም የኩላሊት ቀንም ስለ ልጆች ነበር። በእኛ ካምፕ ግን መኪና እንጂ ማሽን የለም። እንዲህ ያለውን ልጅ ጓደኞቹ ከካምፑ በኋላ ሐኪሙ በፈቀደው ቀን ቤቱ ሄደው ይዘምሩለት፣ ያጫውቱት።

የአያቲቱ ልጅ አንድ ጥያቄ ጠይቆናል። «ፊቴ እንደገና ቢያብጥ ወደ ቤት ትልኩኛላችሁ?» አለ። አንልክህም ብንለው ውሸት ነው። እኛም፣ «መጀመሪያ ለአንተ እንነግርሃለን፤ ሐኪም ዘንድም አብረንህ እንሄዳለን፤ ብቻህን አትላክም» አልነው። ጥቂት አሰበና፣ «ታዲያ ኳስ?» አለ። ደኅና በሆነ ቀን ይጫወታል፤ ሐኪሙም ፈቅዷል። መድኃኒቱ ጉንጩን ስላከበበው ልጆች ስም ያወጡለታል ብሎ ፈርቷል፤ ስለዚህ ሕመሙን ለጓደኞቹ መናገር ወይም አለመናገር የእርሱ ምርጫ ነው። የሚያውቁት የቡድን መሪው፣ ነርሷና ወጥ ሠሪዋ ናቸው። አልጋው ከበሩ አጠገብ ይሆናል፤ ለሌሊቱም ባትሪ ይሰጠዋል፤ የክረምት ጨለማና ጭቃ ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ከየአጥቢያችሁ የምንጠብቀው ይህ ነው። የሐኪሙ ወረቀት ካምፑ ሳይከፈት ይድረሰን። ልጁን ለምርመራ የሚያደርስ የመኪና ኪራይ ማዋጣት የምትችሉ ከስብሰባው በኋላ ለሒሳብ ሹሟ ንገሩ። ከዚህም ሌላ አንድ ሚዛንና ሁለት የእጅ ባትሪ ያስፈልጉናል፤ ጨው ያልነካው ሽሮ ለመፍጨት ፈቃደኛ የሆናችሁ እናቶችም ስማችሁን አስመዝግቡ።