«ሁለት ሜጋ» ስንት ነው? ስለ መስመርና ስለ ዲስክ ፍጥነት ስሌት
በመሐል ሜዳ የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእሴ የማካፈል ስሌት ነው። በስምንት ማካፈልን ስለ ረሳ አንድ ሰው እነግራችኋለሁ፤ ሰውየው እኔ ነኝ።

የመንዝ ገበሬ ገብሱን አውጥቶ «ሃያ አለኝ» ቢላችሁ፣ ሃያ ቁና ነው ወይስ ሃያ ዳውላ ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። ስለ መስመር ስናወራ ግን «ሁለት ሜጋ ነው» እንባባላለን፤ የምኑ ሜጋ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ሜጋ ሚሊዮን ማለት ነው እንጂ የመስፈሪያ ስም አይደለም። የመስመር ሰዎች የሚሰፍሩት በቢት ነው፤ የዲስክ ሰዎች ደግሞ በባይት። አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው።

ልዩነቱ ከሁለቱ ሙያዎች ትውልድ የመጣ ነው። ቴሌኮሙኒኬሽን የቴሌግራፍ ልጅ በመሆኑ፣ ምልክቶች በአንድ ሽቦ ላይ ተሰልፈው አንድ በአንድ ያልፋሉ። ስልክ ዲጂታል ሲሆንም ይኸው ቀጠለ፦ የሰው ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት በ8 ቢት ይጻፋል፤ ድምሩ በሰከንድ 64,000 ቢት ይሆናል። እንዲህ ያሉ 32 መንገዶች ሲታሰሩ 2,048,000 ቢት ይወጣል። እኛ «ሁለት ሜጋ» የምንለው፣ በሙያው ኢ-ዋን የሚባለው መስመር ይህ ነው። የቀድሞው የዲስክ መያያዣ፣ ስካዚ የሚባለው፣ በአንጻሩ ስምንት የመረጃ ሽቦዎችን ጎን ለጎን ዘርግቶ በእያንዳንዱ ምት አንድ ሙሉ ባይት ያሳልፍ ነበር። በሰከንድ አምስት ሚሊዮን ምት ሲመታ አምስት ሜጋ ባይት ተባለ። ይህ በመስመር ሰዎች ቋንቋ 40 ሜጋ ቢት፣ ማለትም ወደ ሃያ የሚጠጋ ኢ-ዋን ነው። አሮጌ የሚባለው ዕቃ ዘመናዊ ከሚባለው መስመር ይህን ያህል ይፈጥን ነበር!

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በ2001 ዓ.ም. ከተማሪዎቼ ጋር ሆነን የዚህን አካባቢ አረጋውያን ድምፅ ቀዳን። ጉዳዩ ጓሳ ነበር፤ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ የሚቆየው በማን ውሳኔ እንደሆነ፣ ሲከፈት ማን አስቀድሞ እንደሚያጭድ፣ ሕጉን የጣሰ ምን እንደሚደርስበት። ያ የጋራ አስተዳደር በ1967 ዓ.ም. በመሬት አዋጁ ምክንያት ከመፍረሱ በፊት በዓይናቸው ያዩት ሰዎች ያኔ በሕይወት ነበሩ።

63 ሰዓት ቀዳን። ቅጂው ያልታመቀ ነበር፦ በሰከንድ 44,100 ልኬት፣ እያንዳንዱ 16 ቢት፣ በሁለት ጆሮ፤ ይህም በሰዓት 635 ሜጋ ባይት ያህል ነው። ጠቅላላው 40 ጊጋ ባይት ገደማ ሆነ። ሁሉም የተቀመጠው በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ዲስክ ላይ ነበር፤ ዲስኩም መንቋቋት ጀምሯል። ሥጋት ስለገባኝ ቅጂው በአስቸኳይ አዲስ አበባ ወደሚገኝ ኮምፒውተር እንዲላክ ፈለግሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ሜጋ መስመር የነበረው አንድ መሥሪያ ቤት በቸርነት ፈቀደልኝ። ወረቀት አውጥቼ 40,000ን ለ2 አካፈልኩ፤ 20,000 ሰከንድ፣ አምስት ሰዓት ተኩል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ብጀምር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል ብዬ ተኛሁ።

የሠራሁትን ታያላችሁ። 40,000 ሜጋ ባይትን ለ2 ሜጋ ቢት አካፍያለሁ፤ ቁናን ለዳውላ እንደ ማካፈል ማለት ነው። ኢ-ዋን በባይት 256,000 ብቻ ነው። ከ32ቱ መንገዶች አንዱ ለመስመሩ የራሱ ሥራ ስለሚያዝ 248,000 ይቀራል። ስለዚህ ሥራው ወደ 45 ሰዓት ይፈልግ ነበር፤ ፋይሉ ተቆራርጦ ሲላክ በየቁራጩ ላይ የሚጨመረው አድራሻ የሚወስደውን ሳንቆጥር።

ዲስኩ በማግስቱ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ፣ በ19ኛው ሰዓት፣ ቆመ። ተመልሶም አልተነሣ። አዲስ አበባ የደረሰው 26 ሰዓት ያህል ቅጂ ነበር።

የሚቆጨኝ ደግሞ ሌላ ነው። በቦርሳዬ ውስጥ ባዶ ዲስክ ነበረኝ። የአሮጌው ኮምፒውተር የዲስክ መያያዣ በሰከንድ 66 ሜጋ ባይት የሚል ጽሑፍ ነበረው። ያ ቁጥር የኬብሉ ነው እንጂ የሚሽከረከረው ሳሕን አይደለም፤ ሳሕኑ 20 ብቻ ቢሰጥ እንኳ ሁሉንም ከ35 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ በገለበጥኩት ነበር። ከዚያ ዲስኩን ይዞ 130 ኪሎ ሜትሩን በሦስት ሰዓት መጓዝ ነው። 40 ጊጋ ባይት በሦስት ሰዓት ማለት በሰከንድ ወደ 30 ሜጋ ቢት ነው፤ አውቶቡሱ ከ14 ኢ-ዋን መስመሮች ይበልጥ ነበር።

ተማሪዎች፣ በስምንት ማካፈልም ሁልጊዜ አያድንም። በድሮው የስልክ ሞደም እያንዳንዱ ባይት መነሻና መድረሻ ምልክት ስለሚጨመርበት አሥር ቢት ይወስዳል። ሳታ የተባለው የዲስክ መያያዣም 1.5 ጊጋ ቢት ተብሎ 150 ሜጋ ባይት ብቻ የሚያሳልፈው፣ ስምንቱን ቢት በአሥር ስለሚጽፍ ነው። ስለ 1,000 እና ስለ 1,024 ክርክር ዛሬ አልገባም፤ «1.44 ሜጋ ባይት» የተባለው ፍሎፒ ሁለቱን አባዝቶ 1,474,560 ባይት እንደሚይዝ ብቻ ልብ በሉ።

ድምፃቸውን ከቀዳናቸው አረጋውያን ሁለቱ፣ ተመልሰን ልንጠይቃቸው ስንመጣ ዐርፈው ነበር። የአንደኛው ቃል የጓሳ ሣር የሚከፈትበትን ቀን ማን እንደሚያውጅ ሊናገሩ ሲጀምሩ ይቋረጣል። የተረፈውን 26 ሰዓት ዛሬ በሁለት ዲስክ ገልብጬ፣ በመኪና ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ከጥያቄና መልሱ በኋላ እናሰማለን፤ የተቋረጠውን ከአባቱ የሰማ በመካከላችሁ ካለ፣ መቅጃ አዘጋጅቻለሁ።