ጃኪ ሮቢንሰንና ተዘግቶ የነበረው ሜዳ



ዛሬ ማታ የምንነግራችሁ በአሜሪካን አገር ስለ ነበረ አንድ ጥቁር ተጫዋች ነው። ጨዋታው ቤዝቦል ይባላል። እንደ እኛ ገና ኳሷ በዱላ ትመታለች። ልዩነቱ ግን አንዱ ኳሷን በእጁ ይወረውራል፣ ሌላው ዱላውን ይዞ ይጠብቃል። ከመታ በኋላ ሩጫ ነው።

በዚያ አገር ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ጥቁር ሰው በትልልቆቹ ቡድኖች ውስጥ አይሰለፍም ነበር። ይህን የሚል የተጻፈ ሕግ ግን የለም። ባለቤቶቹ በቃል ተስማምተው ነው በሩን የዘጉት። ያልተጻፈ ሕግ ክፋቱ ይሄ ነው፤ ይሰረዝልን ብሎ ለማመልከት እንኳ አይመችም። ጥቁሮቹም የራሳቸውን ቡድንና የራሳቸውን ውድድር አቋቋሙ።

ጃኪ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1919 በጆርጂያ ተወለደ። ወላጆቹ በሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኞች ነበሩ። በ1944 የጦር መኮንን ሳለ፣ አውቶቡስ ውስጥ ወደ ኋላ ሂድ ቢሉት አሻፈረኝ አለ። በዚሁ ጠብ የተነሣ በጦር ፍርድ ቤት ተከሶ ነፃ ወጣ።

በ1945 የብሩክሊን ዶጀርስ ኃላፊ ብራንች ሪኪ አስጠራው። ሪኪ የፈለገው ሲሰድቡት መልሶ የማይሳደብ ጀግና ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ያን አውቶቡስ ውስጥ እንቢ ያለውን ሰው! ሮቢንሰን ተስማማ። ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ከ26 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት ሜዳ ገባ። አብረነው አንጫወትም ያሉ የገዛ ቡድኑ ሰዎች ነበሩ። የፊላዴልፊያው አሠልጣኝ ከነተጫዋቾቹ አፍ የማይደፍረውን ስድብ አወረደበት። እርሱ መታ፣ ሮጠ። በዚያው ዓመት ከአዳዲስ ተጫዋቾች አንደኛ፣ በ1949 ደግሞ የሊጉ ምርጥ ተባለ።

የአሜሪካ ጦር ዘርን ሳይለይ እንዲሠራ የታዘዘው በ1948 ነው። ትምህርት ቤትን በዘር መለየት በፍርድ ቤት የተሻረው በ1954 ነው። ኳሱ ቀደመ ማለት ነው። ይሁን እንጂ የመጨረሻው ቡድን፣ ቦስተን ሬድ ሶክስ፣ ጥቁር ያሰለፈው ገና በ1959 ነው።

እኛን ብዙ ያከራከረን ሌላ ነገር ነው። ሮቢንሰን ይጫወትበት የነበረው የጥቁሮች ቡድን፣ ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ፣ ልጁ ሲወሰድበት ምንም ካሣ አላገኘም። ተመልካቹም ተጫዋቾቹን ተከትሎ ሄደ። አሠልጣኙ፣ ብዙ ጊዜም ባለቤቱ ጥቁር የነበሩባቸው ቡድኖች አንድ በአንድ ፈረሱ። ትልልቆቹ ቡድኖች ተጫዋቹን ወሰዱ እንጂ አሠልጣኙንና ባለቤቱን አልወሰዱም። ታዲያ በሩ ባይከፈት ይሻል ነበር? ከመካከላችን እንዲህ ያለ የለም። ግን የተከፈተው ግማሹ ብቻ ነበር።

ይህን ከማንም በላይ ያወቀው ሮቢንሰን ራሱ ነው። በ1972 በኦክቶበር ወር ሊያከብሩት ሜዳ ላይ ሲጠሩት፣ ጥቁር አሠልጣኝ ቡድን ሲመራ ባይ ይበልጥ ደስ ይለኛል ብሎ ተናገረ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሞተ። የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ ፍራንክ ሮቢንሰን፣ ዘመዱ አይደለም ስሙ ተገጣጥሞ ነው፣ የክሊቭላንድን ቡድን መምራት የጀመረው በ1975 ነው።